የሚያጸዳውን ማን ያጸዳዋል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬውን የጁሙዓ ማስታወሻ በአንድ ትንሽ ጥያቄ ልጀምር። ምናልባት ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። የጥርስ ብሩሻችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ዛሬ ጠዋት ተጠቅማችሁበት ይሆናል፤ የምጠይቀው እሱን አይደለም። ወደ ብርሃን አውጥታችሁ፣ ጸጉሩን በጣት ከፈት አድርጋችሁ፣ ሥሩ ላይ ምን እንዳለ ያያችሁት መቼ ነው?

እኔ በመጀመሪያ በደንብ ያየሁት የራሴን ሳይሆን የእናቴን ብሩሽ ነው። በዒድ ሰሞን ወደ ቤተሰብ ሄጄ ነበር። ለሱብሒ ስነሳ መብራት ጠፍቷል፤ በስልኬ ብርሃን ወደ መታጠቢያው ሄድኩ። መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አለ፤ ውስጡ ሦስት ብሩሾች ተጠጋግተው ቆመዋል። ኩባያውን ሳነሳው ሥሩ ያዳልጣል፤ ከታች የጣት ውፍረት የሚያህል ግራጫ ውሃ አቁሯል። ከሦስቱ አንዱ የእማ ነው። ጸጉሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተኝቶ መሃሉ ባዶ ቀርቷል። ከብት ያደረበት ሣር ይመስላል።

ጠዋት ቡና ላይ አነሳሁባት።

«እማ፣ ብሩሽሽ እኮ አርጅቷል።»

«ምን ሆነ ልጄ? ገና ይሠራል እኮ።»

«የላክሁልሽስ የት ሄደ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ብዬ።»

ከፍቼ አየሁ። አራቱም ከነማሸጊያቸው፣ ካልተነካው ፎጣና ለማንም ከማይወጣው ስኒ አጠገብ ተደርድረዋል። እናት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቁም ሳጥን ያውቀዋል።

ተሳሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የዚያን ቤት ንጽሕና ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችው ይህች ሴት ናት። በብርድ ለውዱእ ውሃ አሙቃ የምትቀሰቅሰን እሷ ነበረች። የጁሙዓ ልብሳችን ሐሙስ ማታ ታጥቦ የሚሰጣው በእሷ እጅ ነው። ጥፍራችንን፣ ጆሯችንን፣ አፋችንን ታይ ነበር፤ «እስቲ አፍህን ክፈት» የሚለው ድምጿ አሁንም በጆሮዬ አለ። የእሷን ብሩሽ ግን ከእኛ ውስጥ ማን አይቶት ያውቃል? እኔ ገዝቼ ልኬያለሁ። ተቀብላለች ወይ ብዬም ደውያለሁ። አላየሁም።

ስለ ሲዋክ ብዙ ሰምተናል። ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በኡመታቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ ከየሶላቱ ጋር ሲዋክን ያዙ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ቤታቸው ሲገቡ የሚጀምሩት በሲዋክ እንደነበር፣ ሌሊት ለሶላት ሲነሱም አፋቸውን በሲዋክ ያጸዱ እንደነበር እናውቃለን። የጁሙዓ ቀን ደግሞ ከትጥበቱና ከሽቶው ጋር ሲዋክም አብሮ ተጠቅሷል፤ ለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ ለዛሬ ያቆየሁት። ይህ ሁሉ ስለ መፋቁ ነው። ስለ መፋቂያው ራሱ፣ ስለዚያች ቁራጭ እንጨት የሰማነው ግን ጥቂት ነው።

አቡ ዳዉድ በሱነናቸው፣ ጦሃራን በሚመለከተው ክፍል፣ ሲዋክን ስለ ማጠብ ራሱን የቻለ ባብ አስቀምጠዋል። እዚያ የምናገኘው የእናታችን ዓኢሻን (ረዲየላሁ ዐንሃ) ዘገባ ነው። ነቢዩ ሲዋካቸውን እንድታጥበው ይሰጧት ነበር። እሷም በመጀመሪያ ራሷ ትፋቅበታለች፤ ከዚያ አጥባ ትመልስላቸዋለች። ይህን ሐዲስ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ባልና ሚስት ፍቅር ስንናገር ነው፤ ያምርበታልም። (አንድ ብሩሽ ለሁለት መጠቀሚያ ማስረጃ አድርጎ የሚያመጣው ካለ ግን የጥርስ ሐኪሞች አይስማሙለትም። ድድ ሲደማ በደም የሚተላለፍ በሽታ በብሩሽ ሊሻገር ይችላል። ብሩሽ ለየሰዉ ይሁን።) እኔን ያቆመኝ ከፍቅሩ ቀደም ብሎ ያለው ነገር ነው፤ ሲዋኩ መታጠቡ።

ለምን ይታጠባል? ማጽጃ አይደለም እንዴ? የእኛ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሥራው ማጽዳት የሆነን ነገር ንጹሕ ነው ብለን እናልፈዋለን። ሳሙናን ማን ይጠረጥራል? መጥረጊያን ማን ያጥባል? ብሩሹ በቀን ሁለት ጊዜ ከአፋችን ውስጥ ቆሻሻ ያወጣል። የምግብ ቅሪቱ፣ ጥርስ ላይ የሚጋገረው፣ የደማ ድድ ካለ ደሙ፣ ከፊሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ከፊሉ ግን ጸጉሩ ሥር ይቀራል። ካልታጠበ በነጋታው ወደ መጣበት አፍ ይመለሳል። ብሩሹ የሚቆሽሸው ሥራውን ስለሠራ ነው። ያልተጠቀምንበት ብሩሽ ለዘለዓለም ንጹሕ ነው፤ እንደ እማ ቁም ሳጥን ውስጥ።

ብሩሽ ከኛ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ከተጠቀሙበት በኋላ የሳሙናው አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ጸጉሩን በጣት እየከፈቱ በሚወርድ ውሃ ማጠብ፣ ደህና አድርጎ ማራገፍ፣ ከዚያ ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጎ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማቆም። ከጎኑ ካለው ብሩሽ ጋር ራስ ለራስ እንዳይነካካ፣ ከሽንት ቤቱ መቀመጫም ራቅ እንዲል ማድረግ ነው። ርጥቡን ብሩሽ በክዳን መዝጋት ጥንቃቄ ይመስለናል። ሲታፈን ግን አይደርቅም፤ ተሕዋስያን ደግሞ ርጥብና የታፈነ ቦታ ይወዳሉ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው «በሚወርድ ውሃ» ማለት ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ። ብዙዎቻችን በአንድ ኩባያ ውሃ ተጉመጥምጠን ብሩሹንም እዚያው ነክረን እናንቀጫቅጨዋለን፤ ያወጣነው ቆሻሻ ኩባያው ውስጥ እየጠበቀን ማለት ነው። ክዳኑን በሚስማር የበሳችሁት አንድ ሃይላንድ መፍትሔ ነው። ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፣ ለውዱእም ይቆጥብላችኋል።

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ብሩሽ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ፣ ጸጉሩ ከተንጨባረረ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ እንዲቀየር ይመክራል። በ3 ሳምንት የሚንጨባረርበት ሰው ካለ ጥፋቱ የብሩሹ አይደለም፤ እጁ ከብዷል። ድድ በኃይል ሲፈገፈግ ይሸሻል። ሱቅ ሄደን «ጠንካራውን ስጠኝ» የምንል ሰዎች ለስላሳውን ብንለምድ ይሻለናል።

ከዚህ አልፎ መጨነቅ አያስፈልግም። ብሩሹን በየጠዋቱ በፈላ ውሃ የሚዘፈዝፍ ወንድም አውቃለሁ፤ ፕላስቲኩ ተጣሞ ማንኪያ ሆኖበታል። ወስዋስ ውዱእ ላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። በየሳምንቱ አዲስ እየከፈቱ አሮጌውን መወርወርም ኢስራፍ ነው። ለአፍ ጊዜው ያለፈበት ብሩሽ ለጫማ ሶል፣ ለሴራሚክ ስንጥቅ፣ ለቧንቧ ዙሪያ ገና ብዙ ዕድሜ አለው።

የመፋቂያ ወዳጆችም አላችሁ። የወይራም ይሁን በአፋርና በሶማሌ ቆላ የሚበቅለው አራክ፣ እንጨቱ ከብሩሽ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ጫፉ ሲያረጅ ቆረጥ፣ ልጡን ላጥ፣ አዲስ ጫፍ ይወጣዋል። ከደረቀ ጥቂት ውሃ ውስጥ ማቆየት ነው። ግን ኢቃማ ሲባል ከሸሚዝ ኪሱ፣ ከተጨማደደ ብርና ከቁልፍ መሃል ሲዋኩን አውጥቶ፣ ጥርሱን ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ሳያጥብ ወደዚያው የሚመልስ ስንት ነው? ለዓመታት እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ኪስ ውስጥ ከብር ጋር የዋለ እንጨት ነው አፋችን ውስጥ የምናስገባው። ሱናው ግን መፋቁም መታጠቡም ነበር።

እግረ መንገዴን፦ የናይለን ጸጉር ያለው ብሩሽ ለገበያ የቀረበው በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በፋብሪካ ይሠራ የነበረው ብዙው ብሩሽ ከአሳማ ጸጉር ነበር። ብሩሽ እንደመጣ አንዳንድ ሙስሊሞች በጥርጣሬ አይተውት ከነበረ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገሩ ስለ ብሩሽ ብቻ ቢሆን የጥርስ ሐኪም ይበቃን ነበር። የእማን ኩባያ ካየሁ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ትዝታ ነው።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ዘመዶቼ የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ቤት ምክንያት ተጣሉ። ለሽምግልና ከተመረጥነው ሦስት ሰዎች በዕድሜ ትንሹ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያ ታላቁ ቤት ገባን። የልቡን አወጣ። ሰው ሲከፋው እንደሚሆነው መውጣት የሌለበትም ወጣ፤ ስለ ወንድሙ ሚስት አንድ ከባድ ቃል ተናገረ። ሰማነው፣ አረጋጋነው፣ ዱዓ አድርገን ወጣን። ከዚያ ታናሹ ዘንድ ሄድን። እዚያ እኔ፣ ታላቁ ምን ያህል እንደተጎዳ እንዲገባው ብዬ፣ ያንን ቃል አነሳሁት። ለዘብ አድርጌ ነው፤ ግማሹን ነው። ግን አነሳሁት። ሚስትየዋ ጓዳ ሆና ቡና ትቆላ ነበር። የምጣዱ ድምፅ ቆመ።

ስንወጣ ከእኛ ጋር የነበሩት ሽማግሌ ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ «ልጄ፣ ሳትጉመጠመጥ ገባህ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ዕርቁ ሌላ ስምንት ወር ፈጀ። ወንድማማቾቹ ዛሬ ይነጋገራሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ያቺ ሴት ግን ሰላምታዬን የምትመልሰው እስከ ዛሬ ወደ መሬት እያየች ነው።

ያን ቀን ማንም አልጠረጠረኝም። እኔም ራሴን አልጠረጠርኩም፤ ለማጽዳት የተላክሁ ሰው ነበርኩና። ከአንዱ ቤት ያወጣሁትን ሌላው ቤት ያራገፍኩት በቅን ልብ ነው፤ ቅን ልቤ ግን ቃሉን አላጠበውም። ሸሪዓችን ለሚያስታርቅ ሰው ሰፊ በር ከፍቶለታል። በሁለት ሰዎች መካከል መልካሙን እያደረሰ የሚያስማማ ሰው ውሸታም እንደማይባል በሐዲስ መጥቷል። እኔ በዚያ በር መግባት ስችል ነሚማ በሚባለው በኩል ገባሁ፤ ወሬ አመላላሽ ሆንኩ።

አስቡት፤ በየሰፈራችን የሰው ቆሻሻ ሁሉ የሚራገፍባቸው ሰዎች አሉ። የባልና ሚስቱን ጠብ የሚሰሙት ሽማግሌ፣ ወጣቱ ኀጢአቱን የሚነግራቸው ኡስታዝ፣ የታላላቅ እህቶች ሁሉ መካሪ የሆነችው አክስት። የምናውቃቸው በሥራቸው ስለሆነ ደህና ናቸው ብለን እናልፋቸዋለን። ከዚያ አንድ ቀን ኡስታዙ ሲቆጣ፣ አክስት ያልሆነ ቃል ስትናገር እንደነግጣለን። «እሷም?» እንላለን። ስንት ዓመት ምን ስትሸከም እንደኖረች አናስብም።

ሰው ራሱን ይመርምር ማለት ትክክል ነው፤ ሙሓሰባ ግዴታችን ነው። ግን የሽማግሌው ያቺ አንዲት ቃል ባትኖር እኔ በራሴ መቼ እደርስበት ነበር? ቤቴ ገብቼ በሠራሁት በጎ ሥራ ተደስቼ እተኛ ነበር። ስለዚህ ወደ አቡ ዳዉድ ዘገባ ስመለስ ሌላ ነገር ይታየኛል። ዓሊም አይደለሁም፣ ሑክም አላወጣም፤ እንደ አንድ አንባቢ ብቻ ነው የማየው። ነቢዩ ጫማቸውን ራሳቸው የሚጠግኑ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው የሚሰፉ ሰው ነበሩ። ሲዋክ ማጠብ አይከብዳቸውም። ሆኖም ሲዋካቸውን በሌላ ሰው እጅ ላይ አኖሩት፤ ያ ሰው እንዲያየው፣ እንዲያጥበው፣ እንዲመልሰው።

ከመጨረሻዎቹ ሰዓታቸውም እናታችን ዓኢሻ የምትነግረን አለ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። እሳቸው ደረቷ ላይ ተደግፈዋል። ወንድሟ ዐብዱረሕማን ሲዋክ ይዞ ገባ። ነቢዩ ሲዋኩን ተመለከቱት። በአንደበታቸው አልጠየቁም። ሲዋክ እንደሚወዱ ታውቃለችና ልቀበልልዎት ወይ አለቻቸው፤ በራሳቸው ንቅናቄ አዎን አሉ። ሲዋኩ ጠንካራ ሆነባቸው፤ ላለስልስልዎት ወይ አለች፤ አሁንም በራሳቸው አዎን አሉ። በሌላው ዘገባ እንደተነገረው ጫፉን ነክሳ ቆረጠችው፣ አራገፈችው፣ አሳምራ አዘጋጅታ ሰጠቻቸው። ከዚያ በፊት እንደዚያ አሳምረው ሲፋቁ አይታ እንደማታውቅ ትናገራለች። ብዙም ሳይቆይ ሩሓቸው ወጣች።

ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሲዋክ ምን ያህል ትልቅ ሱና እንደሆነ ለማሳየት ይነገራል። አሁን ግን የሚመጣብኝ ያ ዓይን ነው። ሰዎችን ሁሉ ጦሃራ ያስተማሩት ነቢይ፣ ጉልበት ባነሳቸው ሰዓት፣ አንዲት እንጨት አይተው ዝም አሉ፤ አጠገባቸው ያለችው ሰው ዓይናቸውን አነበበች። ቁራጩን አንስታ እንዲሁ አልሰጠችም። ያረጀውን ቆረጠች፣ አራገፈች፣ አለሰለሰች።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቤታችሁ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ብሩሹን እዩለት። አይጠይቃችሁም። የኩባያው ሥር ምን እንደሆነ ዓይኑ ላያሳየው ይችላል፤ እጁ ከደከመ ጸጉሩን ከፍቶ ማጠብ ይሳነዋል። ቀጭን እጀታ ለመጨበጥ የሚቸገር ከሆነ ጨርቅ ወይም የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠምጥማችሁ አወፍሩለት። ውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘብ የምትልኩ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ ስትደውሉ «ደህና ነሽ ወይ» ከማለት ሌላ «እስቲ ብሩሽሽን አሳዪኝ» በሏት። መጀመሪያ ትስቃለች።

ባለፈው ወር እማ ዘንድ ተመልሼ ነበር። የኩባያውን ሥር በጋለ ሚስማር በስቼው ስለነበር ውሃ አላቆረም። አንዱን አዲስ ብሩሽ አስከፍቻታለሁ። የቀሩትን አልነካሁባትም፤ ለእንግዳ የሚሆን ከሌለ እንቅልፍ አይወስዳትም። ማታ ለዒሻ ልዘጋጅ ቦርሳዬን ከፍቼ የራሴን ብሩሽ ሳወጣ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። በክዳን በሚዘጋ መያዣ ውስጥ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደረጠበ ነው፣ ጸጉሩም ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጋ አገላብጣ አየችው።

«ይኼንንስ ማን አየልህ?» አለችና ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች።

ጁሙዓ ሙባረክ።